በእጅህ አሳየኝ

ጋሽ ኡኬሎ ማረፋቸውን የሰማሁት የውሃ ታንከር አናት ላይ ሆኜ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው አሪየት ነበረች። «አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለችኝ። ቀጥላም፣ የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍላቸው፣ ነገ ከቀብር በፊት ድንኳን ውስጥ እንደሚነበብ፣ «ብርቄ ትጻፈው» ያለውም እሱ ራሱ እንደሆነ ነገረችኝ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ መሰላሉን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ፍርሃት ነው። ለምን እኔን እንደመረጡ አውቅ ነበር። ለሌላ ሰው ነግረውት የማያውቁትን አንድ ነገር ለእኔ ነግረውኝ ነበር፤ ነገሩ ደግሞ ነገ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው የሚያዳምጡኝን አንዲት አሮጊት የሚመለከት ነው።

ፈሪ መሆኔን ቀድሜ ልናገር። አባቴና እናቴ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው አቦቦ አካባቢ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ እባቡንም ወንዙንም ስፈራ ኖሬያለሁ። ወንድሞቼ «ፈሪ ለእናቱ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ጋሽ ኡኬሎን እስካውቅ ድረስ ከእኔ የባሰ ፈሪ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ወደ ባሮ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአሮጌ ኮንቴነር ውስጥ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበራቸው። ቁመታቸው ከኮንቴነሩ በር ስለሚበልጥ ሲገቡም ሲወጡም ጎንበስ ይላሉ። የመነጽራቸው አንዱ ክንድ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ጋምቤላ ተወልደው፣ ጋምቤላ ተምረው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለዓመታት በጽሕፈት ሠርተው የወጡ ሰው ናቸው። አማርኛቸው አጭርና ቀጥ ያለ ነበር፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንተ ይሉኛል። መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፣ ኋላ ለመድኩት፣ አሁን ደግሞ ናፈቀኝ።

በእኛ ከተማ ሥራ ሲባል ብዙውን ጊዜ ድርጅት ማለት ነው፤ ካምፕ ውስጥ፣ ለስደተኞች። ማስታወቂያ ሲወጣ ሰሌዳው ሥር ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ሁሉም ሲቪ ለማሠራት ይሮጣል። ሲቪ ላይ ትልቁ ነገር ደግሞ ግሱ ነው። «ሠራሁ»፣ «ረዳሁ» የሚል ወረቀት ከሥር ይቀራል፤ «መራሁ»፣ «አቀናጀሁ»፣ «አቋቋምኩ»፣ «ተቆጣጠርኩ» የሚለው ከላይ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ሥራ ፈላጊ የለም። ሲቪው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ክርክሩ ግን በአማርኛ ነው። ሌሎቹ ጽሕፈት ቤቶች ጠንካራ ጠንካራውን ግስ ከኢንተርኔት አውርደው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል፤ ደንበኛው ገበያ ላይ ሽንኩርት እንደሚመርጥ ሰው ቆሞ ይመርጣል።

የጋሽ ኡኬሎ ግድግዳ ባዶ ነበር። ከኮምፒውተሩ በላይ ግን አንድ ወረቀት የሚያህል ቦታ ቀለሙ ከሌላው ደመቅ ብሎ ይታያል፤ አራቱ ማዕዘን ላይ የፕላስተር ቁራጭ ቀርቷል። የሆነ ወረቀት ተለጥፎበት እንደተገነጠለ ያስታውቃል። አንድ ቀን ምን እንደነበረ ብጠይቃቸው «ዝርዝር» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የእሳቸው አሠራር ሌላ ነው። ከኮምፒውተሩ ጎን ሁለተኛ ወንበር አለ። ደንበኛው እዚያ ይቀመጣል፣ የሠራውን ይናገራል፣ እሳቸው አይጽፉም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ «በእጅህ አሳየኝ» ይላሉ። ግንበኛ ነኝ ያለ አየር ላይ ይገነባል፤ ነርስ ነኝ ያለች በሌለ ክንድ ላይ ደም ሥር ትፈልጋለች። እሳቸው ፊት አያዩም፣ እጅ ነው የሚያዩት። እጁ ካልተደናቀፈ ግሱ ይጻፋል። «አፍ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እጅ አልገባም» ይሉ ነበር። አፍ መዋሸት ተምሯል ለማለት ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ሸሚዙን የተኮሰ ጎልማሳ መጥቶ፣ የወጣቶች ማኅበር «አቋቁሜያለሁ» አለ። ጋሽ ኡኬሎ መጀመሪያ ቀን የመጡትን ሰዎች ስም ጠየቁት። ሁለት ስም ጠርቶ ቆመ። ማኅተሙን ማን እንዳስቀረጸ ጠየቁት፤ አላወቀም። «ተሰበሰብኩ ብለህ ጻፍ፣ እሱ ያምራል» አሉት። ሰውዬው ተሳድቦ ወጣ። በዚያው ሳምንት አንዲት የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ መጣች። «ምግብ ነው የሠራሁት፣ ሌላ ምን አለኝ» አለች አንገቷን ደፍታ። «በእጅህ አሳየኝ» ተባለች። ስታማስል፣ ስትመጥን፣ ሰልፉን በዓይኗ ቆጥራ ምግቡ ለሁሉም እንዲዳረስ ስታደርግ፣ ቀድማ የገባችውን መልሳ ወደ ኋላ ስታሰልፍ፣ ሁሉንም አሳየች። ጋሽ ኡኬሎ ብድግ ብለው ኮንቴነሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አሉና፣ «መጠነ፣ አደራጀ፣ አከፋፈለ፣ መራ» ብለው ጻፉላት። ሴትየዋ ወረቀቱን ሲያነቡላት አለቀሰች። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው ያኔ ፎቶ ኮፒ ለማድረግ እየተመላለስኩ ተራ ስለምጠብቅ ነው።

ከዚያ ሁሉ ግን ዓይኔ ላይ የቀረው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ወረቀት እያባዙልኝ ሳለ ድንገት አጎነበሱ። ያ ሁሉ ቁመት ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ ታጥፎ ገባ። የወደቀ ነገር የሚፈልጉ መስሎኝ ልረዳቸው ዞር ስል ዓይናቸው በሩ ላይ ተተክሏል፣ ግንባራቸው በላብ ርሷል። በመንገዱ ላይ በላስቲክ ሳህን ደረቅ ዓሣ የተሸከሙ አንዲት ቀጭን አሮጊት እያለፉ ነበር። አሮጊቷ ወደ ኮንቴነሩ አላዩም። ካለፉ በኋላ ጋሽ ኡኬሎ ቀና ብለው፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወረቀቴን ሰጡኝ። ያን ያህል ትልቅ ሰው ዓሣ ከምትሸጥ አሮጊት ሲደበቅ ማየት ያስቃል ትሉ ይሆናል፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

የእኔ ተራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ድርጅት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ካምፕ ውስጥ የውሃ ማከሚያ ኦፕሬተር ፈለገ። እኔ ሁለት ዓመት በቀን ሠራተኝነት ታንከር አጥቤያለሁ፣ ክሎሪን ተሸክሜያለሁ፣ ኦፕሬተሩ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና «ውሃ አክሜያለሁ» አልኩ። በእጅህ አሳየኝ አሉኝ። ታንከሩን አጠብኩ፣ ውሃውን ሞላሁ፣ ናሙና ቀዳሁ፣ የክሎሪኑን በርሜል ከፈትኩ፣ መስፈሪያውን አነሳሁ። ከዚያ እጄ አየር ላይ ቆመ።

«ስንት?» አሉኝ።

ስንቱን ኦፕሬተሩ ነው የሚነግረኝ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «እዚህ ጋ እጅህ ቆመ» አሉ። ከዚያ ጻፉ፤ አጠበች፣ ተሸከመች፣ ናሙና ቀዳች፣ በጠበጠች። «አከመች» የሚል ግስ ግን የለም። ተናደድኩ። ለሌላው ሁሉ ሙሉ የሚሰጠው እንጀራ ለእኔ ሲሆን ለምን ይቆረሳል ብዬ ተነጫነጭኩ። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁና መንገዱን ተሻግሬ ሌላ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። እዚያ አንዲት ቀልጣፋ ልጅ ግድግዳውን አሳየችኝ። ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ «መራች፣ አከመች፣ አስተዳደረች» የሚል ሲቪ በእጄ ገባ።

የድርጅቱ በር ላይ ስደርስ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሲቪ ነበር። የጋሽ ኡኬሎን መልሼ ከተትኩት፣ ሌላውን አስገባሁ። ፈተና ላይ «ውሃ አክመሽ ታውቂያለሽ?» ሲሉኝ ዓይኔን በጨው ታጥቤ አዎ አልኩ። ተቀጠርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በድልድዩ መንገድ አላልፍም ነበር። በሩቅ ያ ኮንቴነር ከታየኝ እጠመዘዛለሁ።

ለጥቂት ሳምንት ዋናው ኦፕሬተር ስለነበረ ምንም አልሆነም። እሱ ይመጥናል፣ እኔ አቀብላለሁ። ክረምቱ ሲገባ ግን ወባ ጣለው፣ ሆስፒታል ተኛ፣ ስልኩም ተዘጋ። በዚያን ዕለት ጠዋት ታንከሩ ሥር ብቻዬን ነበርኩ። ከላይ ሲዘንብ ስላደረ ውሃው ጭቃ መስሎ ነው የመጣው። የማውቀው የበጋውን መጠን ነው፤ እሱንም በዓይን እንጂ በስሌት አላውቀውም። ውሃ ሲደፈርስ እንደሚለወጥ ሰምቻለሁ፣ ወዴት እንደሚለወጥ ግን አላውቅም። ካነሰ ኮሌራ ነው። ከበዛ ሰው ማቃጠል ነው። ቦኖው ላይ ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካናቸውን ደርድረው ተሰልፈዋል፤ አንዷ ከሩቅ እጇን እያወዛወዘች ክፈቺው ትለኛለች። ያንን ውሃ ያን ቀን ስንት ሕፃን እንደሚጠጣው አሰብኩ። አላውቅም ካልኩ ዋሽቼ መቀጠሬ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የሁሉም ዓይን ደመወዜ ላይ ነው። መስፈሪያውን ይዤ ቆምኩ። ማን ጋ እንደምደውል ሳላስበው ጣቴ ጋሽ ኡኬሎን ጠራ።

«ብርቄ ነኝ» አልኳቸው።

«የት ጠፋህ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። የመንገዱን ማዶ ጽሕፈት ቤት፣ ሁለቱን ሲቪ፣ «አከምኩ» ማለቴን፣ አሁን ያለሁበትን። ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ከዚያ፣ «እጅህ ምን ይዟል?» አሉኝ።

«መስፈሪያ።»

«አስቀምጠው።»

አስቀመጥኩ። ከዚያ እንኳን ለእኔ ለሚስታቸውም ነግረው የማያውቁትን ነገሩኝ። ዱሮ እሳቸውም ግድግዳቸው ላይ ዝርዝር ነበራቸው። ከሁሉ በፊት የለጠፉት እሳቸው ነበሩ፤ የኡኬሎ ሲቪ ያስቀጥራል ይባል ነበር፣ እሳቸውም በዚህ ይኮሩ ነበር። ኡሞድ የሚባል ሰው መጣ። በባሮ ላይ ሰው በሚያሻግር የሞተር ጀልባ ላይ ረዳት ነበር። አንድ ድርጅት የጀልባ ነጂ ፈልጎ ነበር። ኡሞድ የሠራውን እንዳለ ተናገረ፣ ረዳት ነኝ አለ። ጋሽ ኡኬሎ ራሳቸው ናቸው ቀና ብለው ዝርዝሩን አይተው «ነዳ» ያሉት። ኡሞድ አልነዳሁም ሲላቸው ጀልባው ላይ ነበርክ አይደል፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጽፈው ብለው ሳቁ። ተቀጠረ። በጋው ጸጥ ብሎ አለፈ። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ጀልባው ተገለበጠ፤ ኡሞድና ሁለት ተሳፋሪዎች አልተመለሱም።

«ኡሞድ ገመድ ነው የሚወረውር፤ ውሃ ነው የሚጨልፍ» አሉኝ በስልኩ ውስጥ። «እሱ አልዋሸም። እኔ ነኝ።»

ከተማው ግን የሚያወራው ሌላ ነበር፤ መንዳት ሳይችል ነጂ ነኝ ብሎ ሰው ይዞ ወንዝ ገባ ይሉ ነበር። የሞቱት ሰዎች ዘመዶች የኡሞድን እናት ሰላም ማለት ተዉ። ጋሽ ኡኬሎ ይህን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ። ዝርዝሩን ቀደዱት፣ ሁለተኛውን ወንበር ገዙ። ያቺ ዓሣ የሚሸጡት አሮጊት፣ እማማ አቻን፣ የኡሞድ እናት ናቸው።

እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። «አሁን ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«ቧንቧውን ቆልፍ። ሂድ፣ አላውቅም በላቸው።»

«ያባርሩኛል።»

«ያባርሩህ። የተባረረ ሰው ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይገባል።»

ቧንቧውን ቆለፍኩት። ሴቶቹ ጮሁብኝ፣ አንዷ ባዶ ጀሪካኗን ወረወረችብኝ። ወደ ቢሮ የሄድኩበት መንገድ መቶ እርምጃ አይሞላም፣ እስከ ዛሬ በሕልሜ እሄድበታለሁ። አላውቅም ብዬ ተናገርኩ። ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ፣ የማልደግመውን ተናገረኝ፣ ከዚያ ከሌላ ካምፕ ሰው አስጠራ። የመጣው ኦፕሬተር ናሙናውን መርምሮ፣ የለመድሽውን ያህል ጨምረሽ ቢሆን ኖሮ ይህ ውሃ ሳይታከም ይጠጣ ነበር አለኝ። አላባረሩኝም፤ ወደ ቀን ሠራተኝነት መለሱኝ። ታንከር እያጠብኩ፣ ያን ኦፕሬተር እየተከተልኩ፣ አንድ ዓመት ያህል ተማርኩ።

ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣ ወደ ኮንቴነሩ ሄድኩ። ስገባ ለምን ጠፋህ አላሉኝም። ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው «በእጅህ አሳየኝ» አሉ። አሳየኋቸው። መስፈሪያው ላይ ስደርስ ውሃው ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደደፈረሰ፣ ምርመራው ምን እንዳለ ጠየቅኳቸው፤ እንደዚያ ካልሆነ እንደማልጨምርም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ ቶሎ መልሰው አላደረጉትም። ከዚያ ያቺን ግስ በሁለት ጣታቸው፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ ጻፏት።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ሆንን። ፍርሃታቸውን በቅርብ አየሁት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ሰማዩ ሲጠቁር ሥራ አቁመው በሩ ላይ ይቆማሉ፣ የባሮን ድምፅ ያዳምጣሉ። የሠሩለት ሰው ሥራ ሲያገኝ አይደሰቱም፤ ለወራት ደህና ነው ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ቤተ ክርስቲያን እማማ አቻን ካሉ ከኋላ ቆመው፣ ዝማሬው ሳያልቅ ይወጣሉ። ለምን አይነግሯቸውም ብዬ አንድ ጊዜ ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «ስንት ጊዜ ሄድኩ» አሉኝ። «በሩ ጋ ስደርስ እግሬ ይመለሳል።»

ሲታመሙ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ማንጎው ሥር አልጋ ወጥቶላቸው ተኝተዋል፤ እግራቸው ከአልጋው አልፎ ይታያል። አሪየት ውሃ ልታመጣ ስትገባ ጠብቀው እጄን ያዙኝ።

«የእኔን አንተ ነህ የምትጽፍ» አሉኝ። «ኡሞድን አስገባ። ጠንካራ ግስ እንዳታደርግልኝ።»

ይድናሉ ጋሽ፣ ምን ያወራሉ ብዬ ላልፈው ሞከርኩ። እጄን አልለቀቁም። እሺ እስክል አልለቀቁም። እሺ አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም።

እንግዲህ አሪየት የደወለችልኝ ዕለት መሰላሉን ጨብጬ ያሰብኩት ይህን ነበር። ከሰዓት በኋላ የኮንቴነሩን ቁልፍ ተቀብዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። የተወለዱበትን፣ የተማሩበትን፣ ያገቡበትን፣ የልጆቻቸውን ስም ጻፍኩ። ከዚያ የኡሞድ ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የሟች ነውር በሬሳው ፊት ይነበባል? አሪየትስ? አባቷን እየቀበረች እንዴት ትስማው? ከሁሉ በላይ የፈራሁት እማማ አቻንን ነው። ልጃቸውን ያጡ እናት የሬሳው ሳጥን ፊት ቆመው ቢረግሟቸውስ? የሚይዛቸው፣ የሚያስቆማቸው ማን አለ? ለስለስ ያለ ቃል ፈለግኩ፤ «ተሳሳቱ»፣ «ሳያውቁ»፣ «እንደ ዘመኑ» እያልኩ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ሁለተኛው ወንበር ባዶውን ያየኛል። በመጨረሻ ሁለት ወረቀት አተምኩ፤ አንዱ ኡሞድ ያለበት፣ አንዱ የሌለበት። ለአሪየት አስቀድሜ አለማሳየቴ ጥፋቴ ነው። ትከለክለኛለች ብዬ ፈራሁ፣ ከከለከለችኝ ደግሞ ደስ እንደሚለኝ ስለማውቅ ይበልጥ ፈራሁ።

በማግሥቱ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጪ ቆሟል። ሙቀቱ ያፍናል። ዝማሬው ካለቀ በኋላ ወደ ፊት ተጠራሁ። አሪየት አጠገቤ ቆመች፤ እኔ በአማርኛ አነባለሁ፣ እሷ ለአረጋውያኑ በአኙዋክኛ ትተረጉማለች። ሳጥኑ ከፊታችን ነው፤ ከሌላው ሰው ሳጥን ይረዝማል። እማማ አቻን ከፊት ምንጣፍ ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ማህደሩን ስከፍት ሁለቱም ወረቀት እዚያው ናቸው። የድርጅቱ በር ትዝ አለኝ። ያን ቀን የትኛውን መልሼ እንደከተትኩ ትዝ አለኝ። ኡሞድ ያለበትን አወጣሁ።

መጀመሪያውን በደንብ አነበብኩ። ከዚያ እንዲህ የሚለው ላይ ደረስኩ፤ «ጋሽ ኡኬሎ አንድ ጊዜ ያልሆነ ነገር ጻፉ። ኡሞድ ጀልባ አይነዳም ነበር። ገመድ ይወረውር ነበር፣ ውሃ ይጨልፍ ነበር። ኡሞድ ይህንኑ ተናግሯል፤ ነዳ ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ለእናቱ ሊነግሩ ፈለጉ፤ ፈሩ።»

አሪየት አልተረጎመችም። ወደ እኔ ዞራ፣ በሹክሹክታ፣ «ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። እሳቸው ያዘዙኝ ነው አልኳት። አማርኛ የሚሰማው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እማማ አቻን ግን አልሰሙም፤ አንገታቸውን ወደ ፊት ሰገግ አድርገው በአኙዋክኛ ጠየቁ። ስሙን ሰምተዋል፤ ኡሞድ ሲባል ሰምተዋል። አሪየት ሳጥኑን አየችው፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በቀጭን ድምፅ ሁሉንም ተረጎመችላቸው።

እማማ አቻን በበትራቸው ተደግፈው ተነሱ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ወደ ሳጥኑ ሲራመዱ፣ አሁን ይረግሟቸዋል ብዬ ወረቀቱን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። እጃቸውን ክዳኑ ላይ አኖሩና መናገር ጀመሩ፣ ለሰዉ አይደለም፣ ለሳጥኑ ነው። አሪየት እያለቀሰች ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ልጄ ጀልባ እንደማይነዳ እኔም አውቅ ነበር። ያን ቀን ውሃው አስፈራኝ ብሎ ተመልሶ ተኛ። ነጂ ተብለህ ተቀጥረህ ሰው ምን ይላል ብዬ የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ።»

ትንፋሽ ወሰዱ። ክዳኑን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ስትደበቀኝ አይህ ነበር፣ ኡኬሎ። ልጇን ወደ ሞት የላከች እናት ፊት ላለማየት ነው ብዬ፣ እኔም መንገድ ቀየርኩ።»

ከዚህ በኋላ ቀብሩ እንዴት እንደሄደ ብዙም አላስታውስም። አሪየት እስከ ሰልስቱ አላናገረችኝም፤ በሰልስቱ ግን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ የማስታውሰው ሕዝቡ ሳጥኑን አንስቶ ሲወጣ እማማ አቻን ወደ ኋላ ቀርተው ወረቀቱን ሲጠይቁኝ ነው። ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም። ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ ልጃቸው የቱ ጋ እንዳለ ጠየቁኝ። ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አኖርኩላቸው።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ገመድ ይወረውር ነበር፣ ውሃ ይጨልፍ ነበር ይላል።»

ወረቀቱን በግራ እጃቸው ይዘው ቀኝ እጃቸውን ጎድጎድ አደረጉ። ዝቅ ብለው ከጀልባ ውስጥ ውሃ ጨለፉ፣ ወደ ውጪ ደፉ፣ እንደገና ጨለፉ። ኡሞድ ቤት እየመጣ ሲያሳያቸው ያዩት መሆን አለበት። እንደ ጋሽ ኡኬሎ ፊታቸውን ትቼ እጃቸውን ብቻ አየሁ። አንድም ቦታ አልቆመም።